ትዳሬም ልጄም መድረክ ነው

ሰኞ 4

ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው። ይህን ግን ማንም እንዳያገኘው ብዬ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው። ጣቴ ደነዘዘ፤ ፊደሌም የሐኪም ማዘዣ መስሏል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ አባዬ ሦስተኛው ገቢር ላይ መሀል መድረክ ቆሞ ዝም አለ። አብራው የምትጫወተው ተዋናይት ቃሉን ደጋግማ ሰጠችው፤ አልተቀበላትም። ከዚያ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ከሌላ ቲያትር፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ይጫወተው ከነበረው፣ ረጅም ንግግር ያሰማ ጀመር። መጋረጃው ተዘጋ። ከተመልካቹ አንዱ ቀርጾታል። እሑድ ጠዋት “አንጋፋው ተዋናይ ሰክሮ መድረክ ላይ ወጣ” ተብሎ ተለጠፈ። ዛሬ የአባዬን ስም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

አባዬ አይጠጣም። ጨጓራው እንኳን መጠጥ የሎሚ ጭማቂም አይችል።

ደውዬ “ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።

“ፋታ ነው እንጂ፣ ሚጣ! ፋታ የማያውቅ ተመልካች መጥቶ እኔ ምን ላድርግ?”

ዐርባ ልሞላ ነው፤ አሁንም ሚጣ ነኝ።

ፋታ ነው። አባዬ ፋታ ያውቅበታል። አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ሰው ጨንቆት እስኪያስል ድረስ ዝም ብሎ የሚያቆይ ተዋናይ ነው። እሺ፣ ፋታ ነው።

ማክሰኞ 5

“ሥራሽ ምንድን ነው?” ሲሉኝ ስም አጣቢ ነኝ እላለሁ፤ ልብስ አጣቢ እንዳለ ሁሉ። ሆቴሉ ትኋን ተገኘበት፣ ሐኪሙ ተከሰሰ፣ ዘፋኟ ከባሏ ተጣላች፤ ሁሉም ወደ ቢሯችን ይመጣሉ። የተጻፈውን ማጥፋት አንችልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ሰዎች ኢንተርኔትን ቢያዩ ኖሮ ወረቀትን ይቅርታ ይጠይቁት ነበር። የምንችለው ከላይ ከላይ ጥሩ ጥሩውን እየደረደርን መጥፎውን ወደ ታች መግፋት ብቻ ነው። አለቃዬ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚላት አለችው፦ “የፍለጋው የመጀመሪያ ገጽ ሳሎን ነው፤ ሁለተኛው ጓዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ጓዳ አይገባም።”

ሌላዋ ሕጉ “ዘመድ ያመሰገነው አይታመንም” ናት። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የአባዬን ስም ለማስተካከል ስጀምር ራሴን ከሁሉም ቦታ አወጣሁ። ሰው ሁሉ በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ የሕይወት ታሪኩን በብዕር ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ የሚል ቃል የለበትም። አንድ መጽሔት ስለ ቤተሰቡ በጽሑፍ ሲጠይቀውም የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ “ትዳሬም ልጄም መድረክ ነው” ብዬ። ከጻፍኩት ሁሉ የተወደደች ዓረፍተ ነገር እሷ ናት። ስለ አባዬ ጽፎ እሷን ያልጠቀሰ የለም። አባዬ ራሱ ሲያነባት “ይህን ደግሞ መቼ ነው ያልኩት?” ብሎ ሳቀ። “ባልልም ልለው ይገባኝ ነበር!”

እናቴ በሕይወት ብትኖር ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር።

ሐሙስ 7

ታክሲ ውስጥ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች።

“ያ ሽማግሌ ተዋናይ ሰክሮ አየኸው?”

“ምስኪን። ድሮ እንዴት ያለ ሰው ነበር!”

“እንግዲህ ነበር ነዋ።”

ዞሬ ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ “ወራጅ አለ!” ነው። ቢሮዬ ገና ሩቅ ነበር፤ በእግሬ ሄድኩ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ።

እሑድ 10

ለምሳ እነ አባዬ ቤት ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቱ ናት። አክስቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እስካሁን ሁላችንንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመችን ይመስላታል። ገና በሩን ሳልገባ ያዘችኝ።

“ወንድምጋሼ የሻይ ማፍያውን ጥዶ ወጥቶ ሄደ። እስኪያር ድረስ!”

“ሰው ይረሳል፣ አክስቴ።”

“የት እንዳገኘሁት አልጠየቅሽኝም።”

አልጠየቅኳትም። ራሷ ነገረችኝ። ድሮ ቲያትር ቤት የነበረው፣ አሁን የምንጣፍ መደብር የሆነው ሕንፃ በር ላይ ነው ያገኘችው። ልምምድ ረፈደብኝ፣ ለምን አይከፍቱም እያለ ዘበኛውን ይቆጣ ነበር አሉ።

የድሮውን ናፍቆ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይናፍቃል፤ ምን ይገርማል?

አባዬ ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወጣ። “ሚጣ፣ ከስተሻል! ያ ኢንተርኔት ምሳሽን ይበላብሻል እንዴ?” አለኝ። ሳቅን። መንገዱ ተጨናንቆ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። ሻይ ሲቀርብም ጠየቀኝ። ጨዋታ ሲያጥረው እንዲህ ነው። አክስቴ በየመሀሉ በዐይኗ ስትወጋኝ ሰሃን አነሳሁ።

ረቡዕ 13

ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ልጅ እግር ነው፤ አባዬን “ጋሼ” ሳይል ስሙን አይጠራም። አዲስ ፊልም ሊሠራ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው።

“ያለ ጋሼ አይሆንም፤ ስጽፈውም እሳቸውን እያሰብኩ ነው። ግን ፕሮዲውሰሯ የሁሉንም ስም ታጣራለች። ያንን ቪዲዮ ካየች እሺ አትልም። የምትወስነው ወሩ ሳያልቅ ነው። አንቺ እኮ ይህን ማስተካከል ታውቂያለሽ።”

ለአባዬ ነገርኩት። ሰምቶኛል ወይ ብዬ ልደግም ስል፣ “ይህን ልሥራና ልረፍ፣ ሚጣ” አለኝ። “ከዚህ በኋላ የሚመጣ የለም። አውቀዋለሁ።”

አባዬ በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም። ዛሬ ለመነኝ። እንግዲህ ወሩ ሳያልቅ ያ ቪዲዮ ጓዳ መግባት አለበት።

ዓርብ 15

የድሮ ፎቶዎች፣ ተለጠፉ። የቲያትር ትምህርት ቤቱ የምስጋና ጽሑፍ፣ ወጣ። አዲስ ቃለ መጠይቅ፣ ወጣ፤ ጠያቂዋም መላሿም እኔ። መዝጊያው ላይ “ትዳሬም ልጄም” የምትለዋን ደገምኳት፤ ሰው ይወዳታል። ምሳ የለም። ዐይኔ ይቆጠቁጣል። ቪዲዮው አሁንም ከላይ ነው። እንዲያውም አንዱ ሙዚቃ ጨምሮበታል። እግዜር ይይለት።

እሑድ 17

ቪዲዮን የሚገፋ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ዛሬ አባዬን ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አሮጌ ተረት ሲያነብ ቀረጽኩት።

ወረቀት ፊቱ ሲሆን ንጉሥ ነው። ድምፁ በአንዲት ቃል እንኳ አልተሰናከለም። ቀበሮውን ሲሆን ቀበሮ፣ አህያውን ሲሆን አህያ ሆነ። አክስቴ እጇ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ከወጥ ቤት ወጥታ በሩን ተደግፋ ሰማችው። ደስ አለኝ። ይህን የሚያይ ሰው ሰካራም ይለዋል?

ሲጨርስ “አሁን ደግሞ ያለ ወረቀት፣ ስለ መጀመሪያ ቀንህ ትንሽ በል” አልኩት።

ካሜራውን አየ። አየ፣ አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ “ምን ልበል?” አለኝ።

“ያንን የዕቃ ክፍሉን ታሪክ።”

“የቱን ዕቃ ክፍል?”

እውነቱን ነው፤ ታሪኩ የእኔ ፈጠራ ነው። ለመጽሔቱ የጻፍኩት ነው፦ ወጣት ሳለ ከመጀመሪያ ትዕይንቱ በፊት የመድረክ ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለው፤ የነቃው መጋረጃው ተከፍቶ ሰው ሲያጨበጭብ ነው። ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ግን አልሆነም። እና ባያስታውሰው ምን ይገርማል? ካሜራውን አጠፋሁ። የተነበበው ይበቃል፤ ሌላውን ቆርጬ እጥለዋለሁ።

ሰኞ 25

ጓዳ ገባ! ጠዋት ፈለግሁ፤ በአለቃዬም ስልክ ፈለግሁ፤ በጎረቤቴም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለም። ተረቱ ከላይ ተቀምጧል፣ ከሥሩ “ትዳሬም ልጄም መድረክ ነው”። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንቅልፌ መጣ።

ረቡዕ 27

ፕሮዲውሰሯ ቢሮ ሄድን። ሰፊ ክፍል፣ ሰው የማይቀመጥባቸው የሚመስሉ ወንበሮች። አባዬን በሩ ላይ ተቀበለችውና “ስለ እርስዎ ሳነብ ነው ያደርኩት” አለችው። ራሴን እንደ ረዳቱ ነው ያስተዋወቅሁት፤ እንደ ልማዴ።

አባዬ እንደ ፋኖስ አበራ። ገና ሳይቀመጥ አሳቃት። ስለ መጀመሪያ ቀኑ ስትጠይቀው ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ ዐይኑን ጨፈነና የዕቃ ክፍሉን ታሪክ አወራላት። ሙጫው እንዴት ይሸት እንደነበር፣ የተኛበት የንጉሥ ካባ እንዴት አንገቱን እንደበላው፣ ጭብጨባው ከግድግዳው ወዲያ ሲሰማ ዝናብ እንደመሰለው። ሙጫና ካባ እኔ አልጻፍኩም። ሴትዮዋ ዕንባዋን ጠረገች። ያንኑ ሰዓት ተስማማች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ “ጥሩ አጥንተሃታል” አልኩት።

“ምኑን?”

“ታሪኳን። የጻፍኳትን።”

“አንቺ ጻፍሽው?” ተቆጣ። “ያኔ መች ተወልደሽ! ያን ካባ እስካሁን አንገቴ ላይ ይታወቀኛል እኮ።” አንገቱን አሸ።

ጥሩ ተዋናይ እንዲህ ነው፤ የተሰጠውን የራሱ ያደርጋል። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሙቀቱ አይጣል ነበር።

ቅዳሜ 30

ከአክስቴ ጋር ተጣላን።

ወንድሟ በየጠዋቱ ምን እንደሚያደርግ ነገረችኝ። ከአልጋው ሳይወርድ መነጽሩን አድርጎ ስልኩ ላይ የራሱን ስም ይፈልጋል። ከላይ እስከ ታች ያነባል። ከዚያ እየተላጨ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። የት እንደተወለደ፣ ምን ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳለ። ድሮ ገጸ ባሕርይ እንደሚያጠና።

“ተዋናይ እኮ ነው” አልኳት። “ስለ ራሱ ማንበብ የማይወድ ተዋናይ አለ?”

“ትናንት እናትሽ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ፎቶዋን እያየ።”

“መነጽሩ ይቀየርለት።”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።”

“ምን በሽታ? አንቺ ነሽ በሽታ የምታወሪው! ፊልሙ አሥር ቀን እንኳ አልቀረውም፤ ይህን ወሬ ሰው ቢሰማሽስ?”

“ሰው” አለች አክስቴ፤ “ሁልጊዜ ሰው።” ተነስታ የጠረጴዛውን ጨርቅ አጣጠፈች፤ መልሳም ዘረጋችው።

የማይባለውን ብያታለሁ። ነገ ደውዬ ይቅርታ እላለሁ።

ሰኞ 9

ቀረጻ ተጀመረ። አልደወልኩላትም።

አባዬ በዳኛ ካባ! አነስ ያሉ ትዕይንቶች ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከካሜራው ጎን ያስይዛል። ለሁሉም እንዲህ ነው የማደርገው አለኝ። ለሌሎቹ ሲያስይዝ አላየሁም። አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 12

ሜካፕ ሠሪዋ ፊቱን ስትቀባው ጨዋታ ጀመረች። ኮቱን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

“ልጆች አሉዎት፣ ጋሼ?”

“ኧረ የለኝም፣ የኔ ልጅ። ትዳሬም ልጄም መድረክ ነው።”

ቃል በቃል። ፋታዋ እንኳ የእኔ ናት። “ውይ ሲያምር!” አለች ልጅቱ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሥራውን ያውቃል፤ ሰው ፊት ምን እንደሚባል ያውቃል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “እርስዎ፣ ኮቱን እዚያ ቢያስቀምጡልኝ” አለኝ።

ሰው ፊት ስለሆነ ነው። ረዳቱ ነኝ ተብሎ የለ?

ዓርብ 13

ሰው ፊት ስለሆነ ነው።

እሑድ 15

ቁልፍ አለኝ፤ ግን ሁልጊዜ አንኳኩቼ ነው የምገባው። ራሱ ከፈተልኝ። ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው።

“ደህና አደሩ። ማንን ፈልገው ነው?”

ቀልዱን መስሎኝ “የታወቀ ተዋናይ እዚህ ይኖራል ሲሉ ሰምቼ” አልኩት።

“እኔ ነኝ” አለ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። “ግን ዛሬ ቀጠሮ የለኝም።”

“አባዬ፣ ሚጣ ነኝ።”

“ማን አሉኝ?”

“ሚጣ። ልጅህ።”

ቀልድ ቢሆን እዚህ ላይ ይስቅ ነበር። አልሳቀም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ማዘን ነው፣ ለእኔ ማዘን። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ስልኩን ከፍቶ በጣቱ ወደ ታች ወደ ታች ሳበ፤ የሚፈልገው የት ጋ እንዳለ ያውቀዋል። ከዚያ አዙሮ አሳየኝ፤ ደግሞም አነበበልኝ፤ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ድምፁ።

“ትዳሬም ልጄም መድረክ ነው። ይኸው ተጽፏል፣ እመቤቴ። እኔ ልጅ የለኝም።” እንዳልቀየመውም ብሎ ጨመረልኝ፦ “ተሳስተው ነው። ብዙ ሰው ይመጣል፤ ቅር እንዳይልዎ።”

አክስቴ ከውስጥ “ወንድምጋሼ፣ ማን ነው?” አለች።

“አንዲት ሴት ናቸው። አድናቂ መሰሉኝ።”

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አባዬ በር አያላትምም፤ ጨዋ ነው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ወጣና “ሚጣ! መቼ መጣሽ? ለምን ውጭ ትቀመጪያለሽ፣ ብርድ ይመታሻል” አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ልጻፍ? አላለኝም። ደከመኝ።

ሰኞ 16

ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ የሠራሁት መዝገበ ዕውቀቱን ማረም ነው። “አንድ ሴት ልጅ አለችው።” በቃ፣ ይኸው ነው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጠፍቷል። ገጹን የሚጠብቀው በጎ ፈቃደኛ አርታኢ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ “ምንጭ አልተጠቀሰም። ባለታሪኩ ልጅ እንደሌለው በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ መጽሔቱ ይታይ።”

“ልጁ እኔ ነኝ” ብዬ መለስኩለት።

“ዘመድ ምንጭ አይሆንም” አለኝ።

መጽሔቱ ጋ ደወልኩ። ባለቤቱ ራሳቸው ካላስተባበሉ የተናገሩትን አንለውጥም አሉኝ። ሌሎቹም እንደዚያው። የትም ብፈልግ፣ በምንም ቃል ብፈልግ፣ በመጀመሪያው ገጽም በሁለተኛውም የለሁም። እንዴት አጥርቼ ሠርቻለሁ! ደንበኛ ብሆን ኖሮ ራሴን አመሰግን ነበር።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ውሃውን ከፍቼ።

ረቡዕ 18

ከአክስቴ ጋር ሆነን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

“እሱን ለማወቅ አይደል ጸሐፊ የሚቀጠረው?” አላት።

ሳቀች። ከዚያ ሌላ ሌላ ጠየቀችው፤ መሳቋን ተወች። መጨረሻ ላይ የበሽታውን ስም ነገረችን። እዚህ አልጻፍኩትም። አክስቴ እጄን ይዛ ነበር፤ ለካ ይቅርታ ሳልላት ታርቀናል።

ዓርብ 20

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። አቀረቀረ። “እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬ ነበር” አለ። “ሰሌዳውን የማስይዘው ለዚያ ነው።” አብሮኝ ሲደብቅ ኖሯል።

ፕሮዲውሰሯ ግን ቃሏ አጭር ነው። “ፊልሙ እስኪወጣ ማንም እንዳይሰማ። ካወራችሁ ዳኛውን ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ገና መጀመሪያው ላይ ነን፣ ይቻላል።” ክፋት የለባትም፤ ሥራዋ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

አለቃዬም “ዝም አይነቅዝም” አለኝ።

ዝም ብል አባዬ የለመነኝን ያገኛል። ይህን ይሠራና ያርፋል፤ ስሙም ንጹሕ ነው። በየጠዋቱ ግን ልጅ የለህም የሚለውን እያነበበ ነው የሚነሳው፤ ጽፌ የሰጠሁት እኔ። ብናገር ደግሞ ያ ሁሉ የገፋሁት ቪዲዮ ተመልሶ ሳሎን ይቀመጣል፤ ፊልሙም ይቀራል። ከራሴ ጋር ስሟገት ራሴን አመመኝ። ለእሱ ብዬ ነው ስል፣ ለራስሽ ነው፣ ልጄ ነሽ እንዲልሽ ፈልገሽ ነው እላለሁ መልሼ። የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ 21

ዛሬ ሚጣ ነበርኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ልጠይቀው ደፈርኩ።

“አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ስልክህ ላይ ምን ታነባለህ?”

አፈረ። አባዬ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። ጉልበቱን እያሻሸ ቆየና፣ “ያንን ሰውዬ ነዋ” አለኝ። “አንዳንድ ቀን ስነቃ የማን ቤት እንደሆነ ይጠፋኛል። ከዚያ እሱን ሳነበው እየመጣልኝ ይሄዳል። ጎበዝ ሰው ነው፤ ብዙ ሠርቷል።”

“ታዲያ ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ነው። ግን ያሳዝነኛል፣ ሚጣ። እታች ድረስ ወርጄ አየሁት። ሰው የለው። ብቻውን ነው።”

ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ተጨናንቆ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሰኞ 23

ለአንዲት ጋዜጠኛ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቅዳሜ ማታውን፣ ሰካራም እንዳልነበረ፣ ምን እንደታመመ፤ የበሽታውን ስም ራሴ ጠራሁት። እነዚያን ቃለ መጠይቆች የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የዕቃ ክፍሉ ታሪክ ፈጠራ እንደሆነ። ልጁ መሆኔን።

“ስምሽ ይጠቀስ?” አለችኝ።

“ይጠቀስ” አልኳት።

ሐሙስ 26

ወጣ። የጋዜጠኛዋ ጽሑፍ ከሰዓት በፊት አንደኛ ሆነ። ከሥሩ ቪዲዮው ተመልሶ መጣ፤ ከነሙዚቃው። “እኛ ሰክሯል ብለን ስንስቅ” ብለው የሚያዝኑ አሉ። “ልጅቷ በአባቷ ስም ስትጫወት ኖራለች” የሚሉም አሉ፤ ምን ልላቸው?

ዳይሬክተሩ ደወለ፤ ዳኛውን ሌላ ሰው ሊሠራው ነው። ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ አጽናናሁት። አለቃዬ ለጊዜው ቢሮ እንዳልመጣ ነገረኝ። ስም አጣቢ ስሙ ሲቆሽሽ ደንበኛ ይሸሻል፤ አልፈርድበትም።

አባዬ ከሰዓት በኋላ የዳኛው ካባ የት እንደተሰቀለ ጠየቀኝ። ቀረጻው አልቋል አልኩት። “እንዴት ወጣሁ?” አለኝ። “ግሩም” አልኩት። ውሸት ነው። ይህች አንዷ ትቆይልኝ።

ማታ ገጹን አየሁት። ያ አርታኢ ራሱ “አንድ ሴት ልጅ አለችው” የምትለዋን አስገብቷታል፣ ከነምንጯ።

እሑድ 29

እዚያው አድሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲነቃ አየኝ፤ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀም፤ አስታማሚ መሰልኩት መሰለኝ። መነጽሩን አቀበልኩት። ስልኩን አነሳና ስሙን ጻፈ፤ ያነብ ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ እጄን ጉልበቴ መሀል ደብቄያለሁ።

“ታሟል ይላል” አለኝ።

“ማን?”

“ይህ ሰውዬ። ይረሳል አሉ። ምስኪን።” ወደ ታች ወረደ። ቆመ። ስልኩን ወደ ዐይኑ አቀረበ። “ቆይ፣ ቆይ። ሴት ልጅ አለችው ይላል።”

“ይላል?”

“ይኸው። ተጽፏል።” አሳየኝ። ፊቱ በራ። “ጥሩ ነው። እኔ ብቻውን መስሎኝ!” ትራሱን ተደገፈና ቀና ብሎ አየኝ። “እርስዎ ያውቋታል?”

“አውቃታለሁ።”

“እንዴት ናት?”

“ደክሟታል” አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

አሰበበት። የድሮው ዓይነት ፋታ ነበር፤ እውነተኛው። አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ማንኳኳቷን አቆመች።

“እንግዲያው ይንገሩልኝ” አለ። “ትረፍ ይበሏት።”

ስልኩን ሰጠኝ። ባትሪው አልቆ ነበር፤ ቻርጅ ላይ ሰካሁት።